የባንተይርጋ ምራቂ

ከሚሴ ገበያ ውስጥ እህል የሚሸምቱ ሴቶች በባንተይርጋ ሱቅ በኩል ሲያልፉ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ያስጠጋሉ። ሳቃቸውን ለመሸፈን ነው። ሰውየው ሌባ አይደለም፤ ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ከስሰውት ይገላገሉ ነበር። የባንተይርጋ ችግር ልክ መሆኑ ነው። ጣሳውን በማሽላ ይሞላል፤ ከዚያ ቀጭን ሸንበቆውን አንስቶ የጣሳውን አፍ ከዳር እስከ ዳር ይጠርገዋል። ጣሳው ልሙጥ ይሆናል። አንዲት ፍሬ ከሌሎቹ በላይ ብቅ ብላ ካያት በጣቱ ጫፍ ለቅሞ ወደ ጆንያው ይመልሳታል።

እህል ሻጭ ሰፍሮ ሲጨርስ ለገዢው ከላይ እፍኝ ጣል ማድረጉ የአገሩ ወግ ነው። ምራቂ ይሉታል። ማንም በአዋጅ ያወጣው ነገር የለም፤ ግን የማይመርቅ ሻጭ ሰላምታ እንደማይመልስ ሰው ነው የሚታየው። ባንተይርጋን «መርቅልኝ» ያለችው ሴት ሁሉ የምታገኘው መልስ አንድ ነው፤ የሰፈርኩት ልክ ነው፣ ልክ ላይ የሚጨመር የለም ይላታል። በበዓልም ይህንኑ ይላል፣ በጾምም ይህንኑ ይላል። አሻ የምትባል ጎረቤቱ ባሏ በሞተባት ሰሞን ለለቅሶ ቤት የሚሆን ማሽላ ልትገዛ መጥታ «ለሙት ነፍስ ብለህ እፍኝ መርቅልኝ» ብላው ነበር። ባንተይርጋም ሸንበቆውን ሳያስቀምጥ የሙት ነፍስ ማሽላ እንደማይበላ አስረዳት። አሻ አልተሳደበችም። ጣሳዋን ከረጢት ውስጥ ገልብጣ ወጣች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለሰማውም ላልሰማውም ስታወራው ኖረች።

ይህን አመል ከየት እንዳመጣው ቢጠይቁት ደረቱን ነፍቶ ከአባቴ ነው ይላል። አባቱ በደርግ ዘመን የመንግሥት እህል መጋዘን ሠራተኛ ነበሩ፤ እህል ጎድሎ ሲገኝ ከደመወዛቸው ይቆረጥባቸው ስለነበር ልጃቸውን ከጨዋታ ጎትተው አምጥተው ጣሳ መጥረግ አስተማሩት። የአባቱስ ይሁን፣ ሰውየው የሰው ንብረት ነው የጠበቁት። ልጁ ግን የገዛ ማሽላውን ከጎረቤቱ ሲጠብቅ ፀጉሩ ሸበተ፤ ይህንንም ጨዋነት ብሎ ይጠራዋል።

ሲሸጥ እንዲህ የሆነው ሰው ሲገዛ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ጨፋ ሮቢት ወርዶ ከገበሬ ማሾና ማሽላ ሲጭን «መርቅልኝ» የሚለው ቃል ከአፉ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ኢርፋን የሚባል ገበሬ መርቆ መርቆ ሲሰለቸው ወደ ጓሮ ዞረና አንድ የሚንጫጫ የድመት ግልገል በአንገቱ ቆዳ አንጠልጥሎ መጣ። ከተሰፋው ጆንያ አናት ላይ አስቀመጠለት።

«ፉዸዹ፣ ውሰድ እንግዲህ፤ ምራቂህ ይኸው» አለው።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይስቃል፣ ወይ ይቆጣል። ባንተይርጋ ግን ምራቂ መልሶ አያውቅምና ግልገሉን አይሱዙው ላይ ከእህሉ ጋር ጭኖት ከሚሴ ገባ።

ግልገሉ አድጎ ዝንጉርጉር ትልቅ ወንድ ድመት ሆነ፤ ስሙንም ነብሮ አሉት። ከመጋዘኑ አይጥ ጠፋ። ባንተይርጋ ለጠየቀው ሁሉ ድመቱን የያዝኩት ለአይጥ ነው ይላል፤ ውሸቱን ነው። ልጆቹ አድገው አንዱ ደሴ፣ አንዷ አዲስ አበባ ገብተዋል፤ ሲደውሉ በእናታቸው በማንአልሞሽ ስልክ ነው፣ አባባን ሰላም በይልን ብለው ይዘጋሉ። ሱቁ ውስጥ ከሸመተ በኋላ አረፍ ብሎ ወሬ የሚያወራ ሰው የለም። አመሻሽ ላይ መዝጊያውን ሊስብ ሲል ከጆንያው ላይ ተነስቶ የሚንጠራራለት፣ እግሩን የሚታከከው፣ ሲያናግረው ዓይኑን ጨፈን ገለጥ የሚያደርግለት ነብሮ ብቻ ነው። ያን ድመት ካጣ በዚህች ከተማ እሱን ሲያይ ደስ የሚለው ፍጥረት አይኖርም። ይህን ራሱም ያውቀዋል። ያሳዝን ነበር፣ ራሱ በጁ ያመጣው ባይሆን።

ባለፈው በጋ ነብሮ ከሰፈሩ አውራ ድመቶች ጋር ተናክሶ ጉንጩን ተነከሰ። ቁስሉ ከላይ ሲደርቅ ከስር መግል ቋጠረና ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተጨፈነ። ባንተይርጋ ምሳው አልዋጥልህ አለው። ድመት ይዞ ሐኪም ቤት መሄድ ደግሞ በከሚሴ ያስቃል፤ እዚያ የሚወሰደው ላም ነው፣ ፍየል ነው፣ ሲበዛ ግመል ነው። ስለዚህ ነብሮን ካርቶን ውስጥ ከቶ በገመድ አሰረውና ባጃጅ ተሳፈረ። ሾፌሩ ምን እንደያዘ ሲጠይቀው ዶሮ ነው አለ። ዶሮው መንገዱን ሙሉ ሚያው ሲል ሄደ።

የእንስሳት ሐኪሙ ሪድዋን እብጠቱን ከፍቶ፣ መግሉን አፍስሶ፣ ቁስሉን አጠበለት። ከዚያ በውሃ የተበጠበጠ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ በጠርሙስ፣ መርፌ የሌለው ትንሽ ስሪንጅም ጨምሮ ሰጠው። ስሪንጁ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረ። ጠዋትና ማታ እስከዚህ መስመር ብቻ ነው፣ ከመስመሩ እንዳያልፍ፣ ቢተፋውም እንዳይደግሙት አለው። ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው መስጠቱን አይቀጥሉ፣ መጥተው ይንገሩኝ አለው። ድመት ትንሽ ፍጥረት ነው፣ ለጥጃ የሚሆነው መጠን ለእሱ መርዝ ሊሆን ይችላል ብሎም አስጠነቀቀው። ባንተይርጋ እንደ ስድብ ቆጥሮት ፊቱን ቋጠረ። ስለ ልክ ለእኔ አይነገርም አለና ካርቶኑን አንስቶ ወጣ።

ቤቱ ደርሶ ስሪንጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ መስመሯን ሲያያት ግን ልቡ አልረጋለትም። ይቺ ናት? ያን ሁሉ መግል የምታደርቀው ይቺ ጠብታ ናት? ባንተይርጋ ሰውን ሁሉ የሚመዝነው በራሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጣሳ ሲጠርግ ስለኖረ፣ ሌላ ሰው መስፈሪያ ይዞ ሲያይ እሱም የሚጠርግ ይመስለዋል። ሐኪምም ሻጭ ነው አለ በልቡ፤ ሻጭ ደግሞ ልሙጥ ሰጥቶ ገዢው ቶሎ እንዲመለስለት ያደርጋል። ለአሻ ቢሆን ልሙጡ ይበቃታል። ነብሮ ግን አሻ አይደለም። ስሪንጁን ከመስመሩ አሳልፎ ሞላው። ጉድ ነው መቼም፤ ለሙት ነፍስ እፍኝ የነፈገ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ መረቀ።

ማንአልሞሽ ከኋላው ቆማ ታይ ነበርና መስመሩን አለፍክ እኮ አለችው። ለገዛ ድመቴ ነው ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

መመረቅ የጀመረ እጁ ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አጣ። ማታ ጨመረ፤ በማግሥቱ ከማታው አስበልጦ ጨመረ። ነብሮ ግማሹን በጢሙ ላይ ሲያንጠባጥበው የፈሰሰውን ለመተካት ደገመለት። ስሪንጁ ሲያሰለቸው ወዲያ ወረወረውና በሻይ ማንኪያ ያዘ፣ ማንኪያውንም እስኪተርፍ ሞላው። የጉንጩ እብጠት ሲጎድል፣ ይኸው ጨምሬ አዳንኩት አለ። ድመቱ ማስመለስ ሲጀምር በሽታው እየወጣለት ነው አለ። ተቅማጥ ሲይዘው ሆዱ እየጠራለት ነው አለ። ለሃጩ እየተዝረከረከ ከወተቱ ፊቱን ሲያዞር ደግሞ መድኃኒቱ አንሶታል አለ። ማንአልሞሽ ሐኪሙ እኮ ካስመለሰው ንገረኝ ብሎሃል ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እንዲህ ሲመረቅ ጠርሙሱ ከጊዜው በፊት ተንጠፈጠፈ። ወደ ሪድዋን ቢመለስ እንዴት አለቀ ሊባል ነው። ስለዚህ ማንም ወደማያውቀው ሰፈር ሄደና አንድ መድኃኒት ቤት ገብቶ ባዶውን ጠርሙስ አሳየ። ለማን ነው አሉት፤ ለልጅ ልጄ ነው አለ። ስንት ዓመቷ ነው ሲሉት ትምህርት ጀምራለች አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ዶሮ የነበረው ድመት አሁን ደግሞ ተማሪ ሆነ። ባለ መድኃኒት ቤቶቹም ለተማሪ የሚሆነውን፣ ስሙ ያው ሆኖ ኃይሉ እጥፍ የሆነውን ሰጡት። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አላነበበም። ቀለሙ አንድ ስለሆነ በቃው፤ ማንኪያውንም አልቀነሰም።

ነብሮ አንድ ጠዋት ከጆንያዎቹ ኋላ ገብቶ አልወጣም አለ። ባንተይርጋ ተንበርክኮ ሲያወጣው ድመቱ በእጁ ላይ ባዶ ከረጢት ሆነበት። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ ድዱ ደርቋል። ካርቶኑን ፈልጎ አገኘና ወደ ሪድዋን ሄደ።

የሐኪም ቤቱ ግቢ ከብትና ፍየል ይዘው በሚጠብቁ ሰዎች ተሞልቷል። ከእሱ ቀጥሎ የምታነክስ ፍየል በገመድ ይዛ የቆመችው አሻ ነበረች። ካርቶኑ ሲከፈትና ድመቱ ሲወጣ አሻ ወደ ፍየሏ ጆሮ ጎንበስ ብላ ፈገግ አለች፤ ባንተይርጋም አያት።

ሪድዋን የነብሮን የአንገት ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ቆዳው አልተመለሰም፣ እንደተቆነጠጠ ቀረ። አስመልሶታል ወይ አለ። ባንተይርጋ አልፎ አልፎ አለ። ሪድዋን እጁን ጠረገና ቀስ ብሎ አስረዳው፤ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። መድኃኒቱ በዝቶበት ከሆነ ወዲያው አቁመን ውሃ በቆዳው ስር እንሰጠዋለን፣ ሊተርፍ ይችላል። መጠኑ ልክ ሆኖ እንዲህ ከደከመ ግን ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶ ደሙ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ለዚያ ከበድ ያለ መርፌ አለኝ። መርፌው ኩላሊት ላይ የሚከብድ ነው፤ በመድኃኒት ብዛት የተጎዳ ኩላሊት ካገኘ ይገድለዋል።

«ስለዚህ እውነቱን ይንገሩኝ ጋሼ። ከመስመሩ አልፈዋል?»

ባንተይርጋ አፉን ከፈተ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። መርቄለታለሁ ቢል ነብሮ ውሃውን አግኝቶ ሊተርፍ ነው። መርቄለታለሁ ቢል ደግሞ አሻ ትሰማለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገበያው በሙሉ ይሰማል። ለባሏ ነፍስ የነፈጋትን እፍኝ ለድመት በማንኪያ እንዳፈሰሰ ትሰማለች። የነብሮ ትንፋሽ በአንድ ወገን፣ የባንተይርጋ ፊት በሌላ ወገን ነበር። ሰው የሆነ ሰው ይህን ለመምረጥ ብዙ አያስብም።

«እስከ መስመሩ ነው» አለ።

ሪድዋን አሁንም ድመቱን እያየ ያመነታ ነበር። ያን ጊዜ አሻ ከኋላ ተናገረች።

«ኧረ ሐኪም፣ በዚህስ እንኳ አትጠርጥረው። ወላሂ እኔ እመሰክርለታለሁ። ይህ ሰው ከመስመር አንዲት ፍሬ አሳልፎ አያውቅም።»

በነገር ልትወጋው ያለችው ነበር፤ በግቢው ያሉትም ሳቁ። ሪድዋንም ፈገግ አለ። ከዚያ አመነ። የእሱም እናት ከዚያ ሱቅ ስለሚሸምቱ ልሙጡን ጣሳ እያየ ነው ያደገው፤ በከሚሴ ልክ የሚሰፍር ሰው ቢባል ከባንተይርጋ በፊት የሚጠራ የለም። መርፌውን ቀዳ። ባንተይርጋ መርፌው ከጠርሙሱ ሲሞላ አየ፣ ወደ ነብሮ ሲጠጋ አየ፣ ቆዳው ውስጥ ሲገባም አየ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እሱ ግን ድመቱ እንዳይፈራገጥ አጥብቆ ያዘለት። ይህን ላደረገ ሰው ማዘን ይከብዳል። መርፌው ሲያልቅ እግዚአብሔር ይስጥህ ብሎ አመሰገነ።

ቤት ሲደርስ ማንአልሞሽ ነገርከው ወይ አለችው። ምኑን አላት። ማንኪያውን አለችው። ሐኪሙ የጠየቀኝ ስለ መስመሩ ነው፣ ስለ ማንኪያ የጠየቀኝ የለም አለ። ማንአልሞሽ ሐኪም ቤቱ ገና አልተዘጋም፣ አሁን ተመልሰህ ንገረው አለችው። ባንተይርጋ ጫማውን እያወለቀ አሻ ገና እዚያ ናት አላት።

በማግሥቱ ጠዋት ነብሮ አንገቱን ማቅናት አቃተው። ከሸና ቆይቷል፣ ትንፋሹም ክፉ ክፉ ይሸታል። ሲጠራው ጆሮው ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ባንተይርጋ ካርቶን አልፈለገም። ጃኬቱን አውልቆ ጠቅልሎት ወጣ፤ ባጃጅ ውስጥ ገብቶም ሾፌሩ ሳይጠይቀው ድመቴ ነው፣ እየሞተብኝ ነው ቶሎ ንዳ አለው። ፍቅሩ እውነት ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። የመጣው ግን ዘግይቶ ነው።

የገበያ ቀን ስለነበር ግቢው ከትናንቱ የባሰ ሞልቷል። ባንተይርጋ በሰው መሀል ሰንጥቆ ገባና ጠረጴዛው ላይ ጃኬቱን ፈታ።

«መርቄለታለሁ» አለ፣ ሪድዋን ገና ሳይጠይቀው። «ከመስመሩ አሳልፌያለሁ። በማንኪያ ነው የሰጠሁት። ሌላ ጠርሙስም ገዝቼ ጨምሬለታለሁ።»

ማንም አልሳቀም። አሻ በግቢው ውስጥ አልነበረችም። እዚያ የቆሙት ከየገጠሩ የመጡ፣ ባንተይርጋ የሚባል ሰው መኖሩንም የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ያን ያህል የፈራው ነገር በማያውቁት ሰዎች ጆሮ ገብቶ ወጣ፣ በዚያው አለቀ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ከኪሱ አውጥቶ ሲያሳየው ሪድዋን ጽሑፉን አነበበና ጠርሙሱን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አልጮኸበትም። ውሃ በቆዳው ስር ሰጠው፣ ሆዱን ደባበሰ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ሰጠው። የሚጠብቁትን ሰዎች ትቶ ከአንድ ድመት ጋር ረፋዱን ገፋ። ኩላሊቱ ግን ዘግቶ ነበር። ነብሮ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጃኬቱ ላይ ሞተ።

«ትናንት ነግረውኝ ቢሆን ያን መርፌ አልወጋውም ነበር» አለው ሪድዋን። እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ባንተይርጋ በእግሩ ነው የተመለሰው። ሱቁን ማንአልሞሽ ከፍታ ለገዢ ትሰፍር ነበር፤ ሁለት ሦስት ሴቶችም ከበዋታል። ጃኬቱን እንደታቀፈ በሩ ላይ ቆመና ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ። መድኃኒት ቤቶቹ ጠርሙሱ ኃይለኛ መሆኑን እንዳልነገሩት፣ ሐኪሙ ያን ከባድ መርፌ ለመውጋት ለምን እንደቸኮለ፣ አሻ በማያገባት ገብታ እንደመሰከረች ተናገረ። የማያነሳው ሰው አልነበረም። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ማንአልሞሽ የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠች።

«ሐኪሙ ምን አለህ?» አለችው።

«ትናንት ብትነግረኝ ኖሮ አለኝ።»

«ትናንትም እኮ አፍ ነበረህ» አለችው ማንአልሞሽ። የታቀፈውን ከእጁ ሳትቀበለው አልፋው ወደ ውስጥ ገባች።